አኩፕሬዠር ልሞክር ነው፤ ምን ይጠብቀኛል?

መነሻ ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ከወራት ወዲህ ማጅራቴን ጨምድዶ ይዞ ወደ ጭንቅላቴ የሚወጣ ሕመም አለብኝ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሬ ስለምውል የመጣ ነው። ሐኪም አይቶኛል፤ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ ነግሮኝ የአንገት እንቅስቃሴ አዞልኛል፤ እሱንም ሳላቋርጥ እሠራለሁ። አሁን ደግሞ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አኩፕሬዠር እንድሞክር መክራኝ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ይዣለሁ። ያለ መርፌ፣ በጣት ብቻ የሰውነት ነጥቦችን ተጭኖ የሚሠራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከዚያ አልፎ የማውቀው የለም። ልብስ ይወለቃል ወይ? ስንት ሰዓት ይፈጃል? ከዚያ ወጥቼ ሥራ መግባት እችላለሁ? ያማል ወይ? ካመመኝስ ልቻለው ወይስ ልናገር?

በጣም የሚያሳስበኝ ይኼ የመጨረሻው ነው። ከዚህ በፊት አንድ ቦታ ማሳጅ ስታሸ ከአቅሜ በላይ እያመመኝ፣ ባለሙያው ያውቃል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ተኛሁ። ትከሻዬ በልዞ አንድ ሳምንት ሙሉ በጎኔ መተኛት አቅቶኝ ነበር። ያ እንዲደገም አልፈልግም።

(የውይይቱ ክር በጣም ስለረዘመ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች የመልሶቹን ፍሬ ነገር በራሴ ቃል በየቁጥራቸው አስቀምጫለሁ። የጻፉትን ሰዎች ስም ትቼዋለሁ።)

1

የመጀመሪያው መላሽ ለዓመታት የተመላለሰ ሰው ነው። በትሕትና አንድ በአንድ አስረዳኝ። ሥራው የሚጀምረው በእጅ ሳይሆን በጨዋታ ነው አለ። ባለሙያው ቁጭ አድርጎ የት እንደሚያም፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ እንቅልፍ እንዴት እንደሆነ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወሰድ ይጠይቃል። አንዳንዱ ምላስ አስወጥቶ ያያል፣ የእጅ ትርታም በሦስት ጣት ይዞ ያዳምጣል፤ ይህ ከቻይና ባህላዊ ሕክምና የመጣ አሠራር ነው። ልብስ አይወለቅም፤ ሰፋ ያለ ልብስ ለብሶ መሄድ ይበቃል፤ ሰዓት፣ ቀበቶና የአንገት ጌጥ ብቻ ይፈታሉ። ከዚያ አልጋ ላይ ወይም መሬት በተነጠፈ ፍራሽ ላይ መተኛት ነው። ጠቅላላው ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ አንዱ ነጥብ ላይ ደግሞ ከግማሽ ደቂቃ እስከ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆያል። የሚጫነው በአውራ ጣት፣ በጣት አንጓ፣ አንዳንዴም በክርን ነው። ጥግብ ብሎ መሄድ በደረት ሲተኙ ያስጨንቃል፤ ባዶ ሆድ መሄድም ሲነሡ ያዞራል። ቀለል ያለ ነገር ቀምሼ እንድሄድ መከረኝ።

2

ሁለተኛዋ ስለ ሕመሙ ጻፈች። ከዚህ ሁሉ መልስ በጣም የጠቀመኝ የእሷ ነው ብል አላጋነንኩም። ሕመሙን ሁለት ቦታ ከፈለችው። አንደኛው ከባድ፣ ደንዘዝ የሚል፣ ከነጥቡ ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ የሚሰራጭ ነው፤ እያመመ ደስ የሚል ዓይነት። ቻይናውያኑ ዴ ቺ ይሉታል፣ ባለሙያውም የሚፈልገው እሱን ነው። ሁለተኛው የሚወጋ፣ የሚያቃጥል ወይም እንደ ኤሌክትሪክ ነዘር የሚያደርግ ነው፤ ይሄኛው ሲመጣ አንድ ሰከንድም ሳይጠበቅ መናገር ያስፈልጋል። እሷ ከባለሙያዋ ጋር ከአንድ እስከ አሥር በቁጥር ይግባባሉ። ስድስትን ካለፈ ጠርታ ትናገራለች። ትንፋሽሽን ከያዝሽ፣ ጣቶችሽን ከጨበጥሽ ወይም ትከሻሽ ወደ ጆሮሽ ከወጣ ሰውነትሽ እየተከላከለ ነውና ቁጥሩ ምንም ይሁን ይብቃ በይ ብላ መከረችኝ።

3

ሦስተኛው በቁጣ ገባ። በሰውነት መስመሮች ውስጥ ይፈስሳል የሚሉት ቺ የሚባል የሕይወት ኃይል የለም፣ መስመር የሚባለውም በየትኛውም የአስከሬን ምርመራ ታይቶ አያውቅም ሲል ጻፈ። በእሱ እምነት አንድ ሰው ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ለአንድ ሰዓት ስልኩን ጥሎ ከተኛ፣ ሌላ ሰው በርኅራኄ ከነካው፣ የትኛውም ነጥብ ቢጫን ይሻለዋል። ገንዘቤን ይዤ ቤቴ እንድቀመጥም አሳሰበኝ።

4

አራተኛው የሦስተኛውን መልስ እንደ ስድብ ቆጠረው። ሕዝብ ለሁለት ሺህ ዓመት የተጠቀመበትን ጥበብ በአንድ አንቀጽ መጣል ድፍረት እንደሆነ ጻፈ። ማስረጃ ብሎም ሁለት ነገር አቀረበ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የ361 ነጥቦችን ቦታ በመጽሐፍ አውጥቷል፣ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 መዝግቦታል። አጻጻፉ እየሞቀ ሄዶ ሦስተኛውን መሃይም እስከማለት ደረሰ። ያ ቃል ባይጻፍ ደስ ባለኝ።

5

አምስተኛዋ ሁለቱንም አረመቻቸው፤ እንዲህ ያለ ሰው በየክሩ ቢኖር ያሰኛል። መጀመሪያ ወደ አራተኛው ዞረች። የ2008ቱ መጽሐፍ ነጥቦቹ የት የት እንዳሉ ለመስማማት የተዘጋጀ ነው፤ ይፈውሳሉ የሚል ፍርድ አልሰጠም። ዩኔስኮ የመዘገበውም የቻይናን አኩፓንክቸርና ሞክሲበስሽን፣ ማለትም መርፌውንና ተክል አቃጥሎ ነጥቦቹን ማሞቁን፣ እንደ ባህል ቅርስ ነው። የመድኃኒትነት ምስክር ወረቀት አይደለም።

ቀጥላ ለሦስተኛው መለሰች። መስመሮቹ በሰውነት ውስጥ አለመገኘታቸው እውነት ነው፤ መጫኑ ግን ምንም አያደርግም ማለት ከዚያ አይከተልም። ለምሳሌ ያነሣችው ማቅለሽለሽን ነው። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግመው የኮክሬን ድርጅት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ግምገማ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚመጣ ማቅለሽለሽና ማስታወክ የተደረጉ 59 ሙከራዎችን ሰበሰቡ፤ በጠቅላላው 7,667 ሰዎች የተሳተፉባቸው ናቸው። የእጅ አንጓ ላይ ያለችውን አንዲት ነጥብ መነካካት ከማስመሰያው ሕክምና ተሽሎ ተገኝቷል። ግን ወዲያው ሁለት ልጓም አበጀችለት፦ ከማስመሰያው ጋር ለተደረገው ንጽጽር ገምጋሚዎቹ ራሳቸው የማስረጃውን ጥራት ዝቅተኛ ብለውታል፣ ሙከራዎቹም በጣት መጫንን ብቻ ሳይሆን መርፌንና ኤሌክትሪክን ጭምር የያዙ ናቸው። ለማቅለሽለሽ የተገኘውን ወስዶ ለአንገት ሕመም ማስረጃ ማድረግም እንደማይቻል አሳሰበች።

6

ስድስተኛዋ ነርስ ናት። ያቺ ነጥብ የት እንደሆነች ማንም በራሱ እጅ እንዲያገኛት አስተማረችን፤ እኔም እያነበብኩ እጄ ላይ ሞከርኩት። መዳፍን ወደ ላይ መገልበጥ። የሌላኛውን እጅ ሦስት ጣቶች፣ ከሌባ ጣት እስከ ቀለበት ጣት፣ ገጥሞ መዳፍና ክንድ የሚገናኙበት የመጀመሪያው እጥፋት ላይ አግድም ማሳረፍ። ከሦስቱ ጣቶች በላይ፣ ወደ ክርን በኩል፣ መሃል ለመሃል አውራ ጣትን ማስቀመጥ። እጅ ጭብጥ ሲደረግ ሁለት ጅማቶች ከቆዳው ሥር ይነሣሉ፤ ነጥቧ በሁለቱ መካከል ያለችው ሸለቆ ናት። ስሟ ኔይጓን ነው። ለመኪና ጉዞ ማቅለሽለሽ የሚሸጡት ቁልፍ ያለባቸው የእጅ ማሰሪያዎች የሚጫኑት እሷን ነው።

ነርሷ የጨመረችው አንድ ነገር አስገርሞኛል። የሚለካው በባለሙያው ጣት ሳይሆን በተኛው ሰው ጣት ነው። መለኪያው ጹን ይባላል፤ የራስ አውራ ጣት ስፋት አንድ ጹን፣ አራት ጣት ተገጥሞ ሦስት ጹን ነው። ስለዚህ የሕፃን ነጥብ በሕፃኑ ጣት፣ የትልቅ ሰውም በትልቁ ጣት ይፈለጋል። ባለሙያው ቦታውን ከለካ በኋላ ደግሞ በጣቱ ጫፍ እየዳሰሰ ጎድጎድ ያለውን ወይም ሲነካ ከሌላው ይበልጥ የሚያመውን ይፈልጋል።

7፣ 8 እና 9

ሰባተኛው አመስግኖ ይህ ነገር እግር ሥር ከሚታሸው ሪፍሌክሶሎጂ ጋር አንድ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ስምንተኛዋ አንድ እንዳልሆኑ አብራራች። ሪፍሌክሶሎጂ የውስጥ አካላት ሁሉ እግር ሥር ካርታ አላቸው ብሎ የሚነሣ ነው፤ አሁን ባለው መልኩ የተስፋፋው አሜሪካዊቷ ዩኒስ ኢንግሃም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከሠራችው ሥራ ወዲህ ነው። የጃፓኑ ሺያትሱ ግን ለአኩፕሬዠር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ቃሉም የጣት ግፊት ማለት ነው። ዘጠነኛው ከዚህ ወጥቶ ስለ ትራስ ከፍታ ጻፈ፤ የኮምፒውተሬን ስክሪን እስከ ዓይኔ ድረስ ከፍ እንዳደርገውም ነገረኝ። ከርዕሱ ቢወጣም የዚያኑ ዕለት አደረግሁት።

10

አሥረኛዋ የጻፈችው ሲነበብ ያስጨንቃል። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ራስ ምታት ይዟት ወደ አንድ ባለሙያ ሄደች። ሰፊ ቀሚስ ለብሳ ስለነበር ሆዷ እምብዛም አይታይም፤ ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም መናገር እንዳለባት አላወቀችም። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ያለውን ሥጋ አጥብቀው ተጫኑት። ቤቷ ከገባች በኋላ ያ ነጥብ ለነፍሰ ጡር የተከለከለ መሆኑን አነበበችና ሌሊቱን ሙሉ የልጇን እንቅስቃሴ ስትቆጥር አደረች። ልጇ በሰላም ተወልዷል። ያቺን ሌሊት ግን እስከ ዛሬ አልረሳቻትም።

11

የመለሰችላት አዋላጅ ነርስ ናት፤ በእህትነት አጽናናቻት። በሙያው ሕግ በእርግዝና ጊዜ የማይነኩ የታወቁ ነጥቦች አሉ፦ እጅ ላይ ያለው ኸጉ (አሥረኛዋ ላይ የተጫኑት ነው)፣ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት አራት ጣት ከፍ ብሎ ያለው ሳንዪንጂያኦ፣ ትከሻ አናት ላይ ያለውም እንዲሁ። ምክንያቱ ማሕፀንን ያነቃቃሉ ተብሎ ስለሚታመን ነው፤ ለዚህም ነው እነዚሁ ነጥቦች ምጥ ሲመጣ ለማገዝ የሚጫኑት። አንድ ጊዜ ተነካ ተብሎ መደንገጥ እንደማያስፈልግ፣ ግን እርግዝና ያለባት፣ የተጠራጠረችም ብትሆን፣ ገና ከበሩ ስትገባ መናገር እንዳለባት ጻፈች።

12

ቀጥለው የመጡት አንድ አባት ናቸው። ልጃቸው እንደጻፈችላቸው ገልጸዋል። ለልባቸው ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። ለትከሻ ሕመም ሄደው ባለሙያው በክርኑ አጥብቆ ተጭኗቸው፣ በማግስቱ ከትከሻቸው እስከ ክርናቸው ጠቁሮ ተገኘ። ሐኪማቸው ዘንድ ሄደው የደም ምርመራ ተደርጎላቸዋል። ባለሙያው ስለ መድኃኒት አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም የልብ መድኃኒት ከትከሻ ጋር ምን ያገናኘዋል ብለው አልተናገሩም።

13፣ 14 እና 15

አሥራ ሦስተኛው ጥፋቱ የእሳቸው ነው ብሎ በአጭሩ ጻፈ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ሳይናገሩ ሰውን መውቀስ አይገባም የሚል ነበር፤ አንተ እያለ ነው የጻፈላቸው። አሥራ አራተኛዋ ተቆጣች። መጠየቅ የባለሙያው ግዴታ ነው፤ የተኛው ሰው የትኛው መድኃኒት ከየትኛው ግፊት ጋር እንደሚጋጭ ሊያውቅ አይችልም፤ ያውቅ ቢሆንማ ባለሙያ ባላስፈለገው። አባት የሚሆኑ ሰው ሕመማቸውን አውጥተው ሲነግሩን እንዲህ ማናገር ነውር መሆኑንም ጨመረች። እኔም ያንኑ ልጽፍ እጄን አንሥቼ ነበር። አሥራ አምስተኛው መልስ የአሥራ ሦስተኛው ሰው ይቅርታ ነው፤ አንቱ ብሎ፣ ሥራ ላይ ሆኖ በችኮላ እንደጻፈ ገልጾ ይቅርታ ጠየቃቸው።

16

አሥራ ስድስተኛው ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ የአባትየውን ታሪክ ይዞ አሰፋው። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሳይነካ ይቅር ማለት እንዳልሆነ፣ ሐኪሙን አማክሮ፣ ግፊቱ ቀሎ፣ ክርን ሳይገባበት ሊሠራለት እንደሚችል አስረዳ። የአጥንት መሳሳት ያለበት ሰው ጀርባና ጎድን ላይ በኃይል መጫን የለበትም። ካንሰር አጥንት ውስጥ የገባበት ሰው፣ ቁስል ያለበት፣ ያበጠ የእግር ደም ሥር ያለበት፣ በዚያ ቦታ አይጫንም። የአንገት ፊት ለፊትም፣ ትርታው የሚሰማበት የደም ቧንቧ ያለበት፣ አይጫንም።

አንዱን ግን በሰፊው ጻፈ። አንደኛው ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ እግር መታሸትም መጫንም የለበትም፤ የረጋው ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ስለሚችል በቀጥታ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ራስ ምታትም ድንገት እንደ ነጎድጓድ ከመጣ፣ ከትኩሳትና ከአንገት ድርቀት ጋር ከሆነ፣ ወይም ክንድ ከደከመና ንግግር ከተሳሰረ ለጣት የሚተው ነገር አይደለም።

ሦስተኛውን ሰው አስታውሶም ያለ ቺ የሚሄድ አንድ ማብራሪያ ሰጠ። ሜልዛክና ዎል የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1965 ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት የመነካትና የግፊት ስሜት ወደ አከርካሪ ሲገባ የሕመምን መልእክት እንደ በር ሊዘጋበት ይችላል። ክርናችን ሲጋጭ ወዲያው የምናሸው ለዚህ ነው።

17

እዚህ ላይ እኔ ከቀጠሮዬ ተመልሼ ጻፍኩ።

ባለሙያዋ ሴት ናት። ሩብ ሰዓት ያህል ጠየቀችኝ፤ መድኃኒት፣ እርግዝና፣ ቀዶ ሕክምና፣ የአጥንት ስብራት፣ ሁሉንም። እሷ ባትጠይቀኝ ኖሮ ተነሥቼ ለመሄድ ወስኜ ነበር። ያ ያለፈው የበለዘ ትከሻዬንም ነገርኳት። ሳልጨርስ ወረቀቷ ላይ ጻፈችው፤ ያን ሳይ ግማሹ ፍርሃት ለቀቀኝ።

በደረቴ ተኝቼ ከትከሻዬ ጀመረች። ትንፋሼን ሳወጣ ቀስ እያለች ክብደቷን ታሳርፋለች፣ ሳስገባ ታላላለች። ከዚያ በጀርባዬ አስተኝታኝ ከራስጌዬ ተቀመጠች። የሁለት እጆቿን ጣቶች ወደ ላይ አጥፋ ከራስ ቅሌ ጠርዝ ሥር፣ ማጅራቴ ግራና ቀኝ ያሉት ጎድጓዶች ውስጥ አስገባችና ዝም አለች። ነጥቡ ፌንግቺ ይባላል። የምትጫነኝ እሷ አልነበረችም፤ የራሴ ጭንቅላት ክብደት ነው ጣቶቿ ላይ የሚያርፈው። በቀኝ በኩል ሕመሙ ተነሥቶ ከጆሮዬ በላይ ዞሮ ቀኝ ዓይኔ ኋላ ድረስ ሲሄድ እያንዳንዱን እርምጃ ተከታተልኩት፤ ቢሮ ውስጥ ከሰዓት በኋላ የሚመጣብኝ ያው መንገድ ነው። ሰባት አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር፤ ግን አልኩት። ጣቶቿን ሳታነሣ ትንሽ ዝቅ አደረገቻቸው። አምስት ሆነ። ጥቂት ቆይቶ ሦስት ነው ስላት ቀኝ ዓይኔ አልቅሷል፣ ሆዴም ይጮኻል፤ ሁለቱም የተለመደ እንደሆነ ነገረችኝ።

ሲያልቅ ቶሎ አላስነሣችኝም። በጎኔ አዙራ፣ ቁጭ አድርጋ፣ ማዞሩ እስኪለቀኝ አቆየችኝ። ሥራ ልመለስ አስቤ ነበር፤ ሰውነቴ እንቅልፍ ብቻ ስለፈለገ ቤቴ ሄድኩ። የምትችሉ ከሰዓት በኋላውን ነፃ አድርጉት። በማግስቱ ትከሻዬ ስፖርት የሠራሁ ያህል ታመመ፤ በሁለተኛው ቀን ለቀቀኝ፤ አልበለዘም። ራስ ምታቱ ሁለት ቀን ጠፍቶ በሦስተኛው ቀለል ብሎ ተመልሷል። ተፈወስኩ አልልም። እሷም አድንሻለሁ አላለችኝም፤ ጥቂት ጊዜ ተመላልሼ ለውጥ ካላየሁ እንድተወው፣ ሐኪሙ ያዘዘልኝን እንቅስቃሴም እንዳላቋርጥ ነው የነገረችኝ።

18

ሦስተኛው ሰው ተመለሰ፤ አቋሙን አልለወጠም። የሁለት ቀን እፎይታ መተኛትም ሊያመጣው እንደሚችል፣ እንቅስቃሴውም ከወራት በኋላ ፍሬ ማፍራት ጀምሮ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። ስህተት ነው ማለት አልችልም፤ የትኛው እንደረዳኝ ለይቼ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ግን ይህን ጊዜ በጨዋነት ነው የጻፈው፤ ባለሙያዋ መጠየቋንና ተስፋ አለመሸጧንም አመሰገነ። አራተኛው ሰው ለዚህ መልስ አልሰጠም።

19

የመጨረሻው ጸሐፊ ዋርፋሪን የሚወስዱት እኚያው አባት ናቸው፤ አሁንም በልጃቸው እጅ። ሐኪማቸውን ጠይቀው፣ በቀላል ግፊት እንዲሆን ተፈቅዶላቸው፣ ሌላ ባለሙያ ዘንድ ቀጠሮ ይዘዋል። ሲያማቸው ቁጥር መጥራት እንደ ማማረር እንዳይቆጠርባቸው ፈርተው፣ እኔ ሰባት ስል ባለሙያዋ ፊቷ ተለውጦ እንደሆነ ጠየቁኝ። ምንም እንዳልተለወጠ፣ እንዲያውም አመስግናኝ እንደቀጠለች ጻፍኩላቸው። ልጃቸው ወዲያው መለሰችልኝ፤ የመድኃኒቶቹን ስም በትልልቅ ፊደል ጽፋ ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከታለች፤ እሳቸውም ወረቀቱን አውጥተው ዋርፋሪንን ከላይ፣ ከሁሉ በፊት እንድታደርገው እንደገና አጽፈዋታል።